ምስክሩን መመርመር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር በዓይን የማይታይ ነው። ይኸውም በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድን ፕሮቲን ከብዙ ሺህ ፕሮቲኖች መካከል ለይቶ የሚያሳየው አንቲቦዲ ነው። ርእሱ ሲሰማ ለሐኪሞችና ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ቀርበን ብንመለከተው ሁላችንም በየሰፈራችን የምናውቀውን አንድ የቆየ ጥያቄ ይዞ እናገኘዋለን፤ ጥያቄውም «ምስክሩ የሚታመን ነው ወይ?» የሚል ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለሚፈለገው ፕሮቲን ልናገር። የሰውነታችን ሕዋስ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በፕሮቲኖች አማካይነት ነው። የፕሮቲኖቹ አሠራር የተጻፈው በዲ ኤን ኤ ላይ ሲሆን ይህ ዋና መጽሐፍ ከተቀመጠበት ከኑክሊየስ አይወጣም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ገጽ ብቻ ይገለበጥና መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሚባለው ቅጂ ይወጣል። ራይቦዞም የሚባለው አስተርጓሚ ደግሞ ቅጂውን እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። ሊቃውንቱም ይህን ሥራ ትርጉም ብለው ይጠሩታል።

አስተርጓሚ ግን ከየት መጀመር እንዳለበት የሚያሳየው ይፈልጋል። በመልእክቱ ራስ ላይ ቆብ የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት አለ። ይህን ቆብ የሚይዘው ኢ አይ ኤፍ 4 ኢ የተባለው ፕሮቲን ነው። ቆቡን ከያዘ በኋላ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተባብሮ ራይቦዞሙን ወደ መልእክቱ ያመጣዋል፤ ትርጉሙም ይጀመራል። ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ የ217 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ሲሆን ክብደቱም 25,000 ዳልተን ያህል ነው። ናሁም ሶነንበርግና የሥራ ባልደረቦቹ ቆቡን የሚይዝ ፕሮቲን መኖሩን በ1978 አሳዩ፤ በሚከተለውም ዓመት አጣርተው ለዩት።

ትንሽ ነው ብለን ግን አንናቀው። በ1990 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሶነንበርግ ቤተ ሙከራ ይህ ፕሮቲን በአይጥ ሕዋሶች ውስጥ ከልክ በላይ ሲበዛ ሕዋሶቹ የካንሰር ጠባይ እንደሚይዙ ገለጠ። በ2015 ደግሞ በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ፕሮቲኑ በግማሽ የቀነሰባቸው አይጦች በደኅና እንደሚያድጉ፣ ነገር ግን ካንሰርን ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚቋቋሙ አስረዳ። እንግዲህ ጥያቄው «አለ ወይስ የለም?» ብቻ ሳይሆን «ምን ያህል አለ?» የሚል ሆነ ማለት ነው። ይህን ለመመለስ የማይዋሽ ምስክር ያስፈልጋል።

ምስክሩም አንቲቦዲው ነው። አንቲቦዲ ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት ያንኑ ለይቶ እንዲይዝለት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ሊቃውንቱ ይህን የተፈጥሮ ጥበብ ለሥራቸው አዋሉት። የሚፈልጉትን ፕሮቲን ወይም ቁራጩን ጥንቸል ይወጉና ከደሟ አንቲቦዲውን ይወስዳሉ። ይሁን እንጂ የጥንቸሏ ደም የብዙ ዓይነት አንቲቦዲ ድብልቅ ነው፤ ጥንቸሏም ስትሞት ያው ድብልቅ ዳግመኛ አይገኝም። በ1975 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን አንቲቦዲ የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ የሚሠራ ሕዋስ አስገኙ። ስለዚህም በ1984 የኖቤልን ሽልማት ከኒልስ የርነ ጋር ተካፈሉ።

አሁን ምስክሩ እንዴት ቃሉን እንደሚሰጥ እንመልከት። ሕዋሶቹ ይፈጩና ፕሮቲኖቻቸው በሳሙና መሰል ነገር ይፈታሉ። ከዚያም ፈሳሹ ጄል በተባለ እንደ ወፍራም አጥሚት ባለ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሄድ ይደረጋል። ትንንሾቹ ፕሮቲኖች ፈጥነው ይሄዳሉ፤ ትልልቆቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በዚህ አኳኋን የተሰለፉት ፕሮቲኖች ወደ ስስ ወረቀት መሰል ነገር ይሸጋገራሉ። አንቲቦዲው ባዶውን ስፍራ ሁሉ እንዳይዝ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ በውሃ በተበጠበጠ የወተት ዱቄት ይነከራል። በመጨረሻ አንቲቦዲው ይፈስበታል፤ ያልያዘው ታጥቦ ይሄዳል፤ የያዘው በሌላ ብርሃን በሚያወጣ አንቲቦዲ ይታያል። ኢ አይ ኤፍ 4 ኢ ካለ በ25,000 አካባቢ አንድ መስመር ይወጣል፤ ፕሮቲኑ ሲበዛ መስመሩ ይደምቃል።

ነገር ግን መስመር መታየቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ፕሮቲን የሚመስሉት ዘመዶች አሉት፤ አንቲቦዲውም አንዱን በሌላው ሊለውጥ ይችላል። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ እንደ ነበረ ከአባቶቻችን ሰምተናል። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይመሩታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ልጁ አንድ ቤት ማሳየቱ አይቀርም፤ ትክክለኛውን ቤት ማሳየቱን ግን የሚመረምር አልነበረም። ያልተመረመረ አንቲቦዲም እንዲሁ ነው።

ታዲያ እንዴት ይመረመራል? የተሻለው መንገድ ፕሮቲኑ በሌለበት ሕዋስ ላይ መሞከር ነው፤ ፕሮቲኑ ሳይኖር መስመሩ ከታየ ምስክሩ ሐሰተኛ ነው። ኢ አይ ኤፍ 4 ኢን ግን ፈጽሞ ያጠፉት እንደ ሆነ ሕዋሱ ራሱ በሕይወት አይቆይም። ስለዚህ ፕሮቲኑን ይቀንሱታል፤ መስመሩም አብሮ ከደበዘዘ ምስክሩ ታማኝ ይባላል።

ይህን ጥንቃቄ የማያደርጉ ብዙዎች ናቸው። በ2023 በዚያው በሞንትሪያል ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በገበያ የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን በ65 ፕሮቲኖች ላይ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ፕሮቲኑን በማይለይ አንቲቦዲ ተመርኩዘው የታተሙ ጽሑፎች ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ 12 ያህል ሆነው ተገኙ። በሐሰት ቃል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሌላውን ያሳስታል፤ ለመድኃኒት ፍለጋ የዋለው ገንዘብና ዕድሜም በከንቱ ይቀራል። ደግነቱ፣ ሻጮቹ ውጤቱን አይተው ከማይሠሩት ከፊሉን ከገበያ አውጥተዋል።

ወላጆቻችን ይህ ነገር ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። በጤና ጣቢያ ከልጃችሁ ጣት አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ ወባ መኖሩ የሚታይበት ትንሽ መመርመሪያ የሚሠራው በአንቲቦዲ ነው። ከእነዚህ መመርመሪያዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት የወባ ተውሳክ የሚሠራውን አንድ ፕሮቲን ነው። በ2021 የታተመ ጥናት ግን በኢትዮጵያ ጠረፍ አካባቢ ይህን ፕሮቲን የማይሠሩ ተውሳኮች መኖራቸውንና ከምርመራው ማምለጣቸውን አስታወቀ። እዚህ ላይ አንቲቦዲው አልዋሸም፤ የሚፈልገው ነገር ጠፍቶ እንጂ። ቢሆንም የታመመው ልጅ «ወባ የለበትም» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። መፍትሔውም በሌላ ፕሮቲን የሚመረምር ወይም በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሁለተኛ ምስክር መጨመር ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእኛ መካከል ነገ ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር ወይም ዳኛ የሚሆን አለ። በየትኛውም ሥራ ላይ ብንሆን አንድ ነገር ሲነገረን «ማን አየ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ያየው ሰው ባይኖር ኖሮስ ያንኑ ይናገር ነበርን?» ብለን ደግሞ እንጠይቅ። መሣሪያ የሚገዛ እጅ ብዙ ነው፤ መሣሪያውን የሚመረምር ልብ ግን በትምህርትና በትዕግሥት ይገኛል።

ትምህርት ቤታችንን እግዚአብሔር ለብዙ ዘመን ያኑርልን።