ሽጉጥ ከመምረጥህ በፊት ምላጩን እወቅ
(መካነ ሰላም ላይ ለቦረና ወጣቶች ከተደረገ ንግግር)

 

«ሽጉጥ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ስለ መልኩ ትጠይቁኛላችሁ፣ ስለ ዋጋው ትጠይቁኛላችሁ። ስለ ምላጩ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም!

ወገቡ ላይ ሽጉጥ የሻጠ ሁሉ ደግሞ መቅደላን ይጠራል። እውነት ነው፣ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእጃቸው የነበረው ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። የእሳቸው የራሳቸው ሥራ ግን ሴባስቶፖል ነው፤ ጋፋት ላይ አሠርተው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ እዚሁ ወሎ ድረስ ያስጎተቱት መድፍ። ሽጉጥ ማንም ይሰጥሃል እኮ!

ወደ ምላጩ ልመለስ። ማካሮቭን ውሰዱ። መዶሻው ሳይነሳ ምላጩ ረጅምና ከባድ ነው፣ ጣት ይታገላል። አንዴ ከተኮሰ በኋላ ግን መዶሻው ተነስቶ ይቆያል፤ ሁለተኛው ስበት አጭርና ቀላል ነው። ሰርግ ላይ አንዷን ተኩሶ «በቃኝ» ያለ ልጅ፣ ጣቱን ካላወጣ ሁለተኛዋ ልታመልጠው ትችላለች። ያቺ ጥይት የምታገኘው ጠላት አይደለም፣ ዳስ ውስጥ የተቀመጡ እናቶቻችንን ነው።

ስለዚህ ሻጩ «ምላጩን ሞርጄ አቅልዬዋለሁ» ካላችሁ ትታችሁት ውጡ። ካርታውን አውጡ፣ ውስጡ ጥይት አለመቅረቱን በዓይናችሁ እዩ፣ ጣታችሁ ከምላጩ ቀለበት ውጭ ይሁን። ፈቃድ የሌለውን ጭራሽ አትንኩ፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይከለክላል።

የሰርጉን ተኩስ በተመለከተ፣ ጥር ሳይገባ የየሰፈራችሁን ሽማግሌዎች አናግሩ። ዘንድሮ ይቅር።