ያረጀ ቀርከሃ ይነቀል፣ ይዛወር ወይስ ይታደስ?

(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት በጮቄ ተራራ ዙሪያ፣ በስናን ወረዳና በአዊ በእንጅባራ አካባቢ ደጋ ቀርከሃ የጓሮ ሀብት ነው። ቤት ይሠራበታል፤ አጥር ይታጠርበታል፤ ቀፎና ቅርጫት ይበጅበታል፤ ገንዘብ ሲቸግርም ተቆርጦ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ገበሬ፣ «የአባቴ ቀርከሃ አረጀ፤ የሚወጣው ሁሉ እንደ ሸምበቆ ቀጠነ፤ ነቅዬ ልጣለው ወይስ ወደ ሌላ ቦታ ላዛውረው?» ሲል ይጠይቃል። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

በመጀመሪያ የቀርከሃን ጠባይ እንወቅ። የቀርከሃ ቡቃያ በክረምት ከመሬት ይወጣል፤ በጥቂት ወራትም ሙሉ ቁመቱን ይይዛል። ነገር ግን እንደ ባሕር ዛፍ ከዓመት ወደ ዓመት አይወፍርም፤ በወጣበት ውፍረት ይቀራል። ስለዚህ የቀጠነውን ዘንግ በመጠበቅ ማወፈር አይቻልም። ቡቃያውን የሚያወፍረው ከመሬት በታች ባለው ግንድና በቆሙት ዘንጎች ውስጥ የተከማቸው ምግብ ነው። እንግዲህ ቀርከሃው አረጀ ከማለታችን በፊት የትኛው ክፍል እንዳረጀ እንመርምር።

አንደኛ፤ ማሳው በደረቅ ዘንግና በቆየ ጉቶ ተጣቦ፣ ነገር ግን በየክረምቱ ቡቃያ የሚያወጣ ከሆነ አትንቀሉት። መታፈን ነው እንጂ እርጅና አይደለም። እንዲህ ያለው ቀርከሃ ይታደሳል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በበጋ የደረቀውንና የተሰበረውን ሁሉ አውጡ። ከዚያም 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ዘንጎች የሚያስፈልጋችሁን ቁረጡ፤ ከእነርሱም ጥቂቱን በየቦታው አስቀሩ። የ1 እና የ2 ዓመቱን አትንኩ። የበሰበሰውን ጉቶ ቆፍራችሁ አንሡ፤ አፈሩን አላልታችሁ ፍግ ጨምሩበት። አዲሱ ቡቃያ መውጫ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

የዘንግን ዕድሜ ለማወቅ ቆዳውን ተመልከቱ። የዘንድሮው ልባሱን ገና አላራገፈም፤ መልኩም ለምለም ነው። ያረጀው ቆዳው ደብዝዞ ሽበት ያበቅላል። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው በየዓመቱ የወጣውን በቀለም ምልክት ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፤ ቦታው ውሃ የሚተኛበት ወይም ከብት ቡቃያውን የሚረግጥበት ከሆነ ማዛወር ይገባል። ከብቱን በአጥር መከልከል ከተቻለ ግን አጥሩ ይቀላል። ሲዛወርም አሮጌው አይዛወርም። ያረጀ ጉቶ ቢተከል አዲስ ቡቃያ ለመስጠት ኃይል የለውም። የ1 ወይም የ2 ዓመት ጤነኛ ዘንግ ምረጡ፤ ከመሬት በታች ካለው ግንዱና ከሥሩ ጋር ቆፍራችሁ አውጡት፤ ጫፉን ቆርጣችሁ አሳጥሩት። ዝናቡ ሲያዝ ሳይደርቅ በዚያው ቀን ትከሉት። በአንዱና በሌላው መካከል ወደ 5 ሜትር ተዉ። አዲሱ ጸድቆ ጥሩ ዘንግ መስጠት እስኪጀምር ድረስ አሮጌውን ማሳ አታጥፉ፤ ይህ ብዙ ዓመት ይፈጃልና።

ሦስተኛ፤ ማሳው በሙሉ አበባ ካወጣ መተካት ብቻ ነው የሚቀረው። ቀርከሃ በብዙ ዐሥርት ዓመታት አንድ ጊዜ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይሞታል። ፍግም ሆነ ቁፋሮ አያድነውም። ካበበው ማሳ ችግኝ ቆፍሮ መውሰድም ከንቱ ድካም ነው። የሚጠቅመው ዘሩ ነው። ዘሩን ሰብስባችሁ አፍሉ፤ በማሳው ውስጥ በራሱ የበቀለውንም ከከብት ጠብቁ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ገንዘብ ሲያስፈልግ ማሳውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጨፍጨፍ ሕያውን ቀርከሃ ያስረጀዋል። ቅጠል ያለው ዘንግ ሁሉ ከተቆረጠ ከመሬት በታች ያለው ግንድ መጋቢ ያጣል፤ የሚቀጥለው ቡቃያም ቀጥኖ ይወጣል። ለነጋዴ የምትሸጡ ሁሉ የበሰለውን መርጣችሁ ሽጡ እንጂ ማሳውን በጅምላ አትስጡ። በጮቄ ተዳፋት ላይ ደግሞ ሥሩ አፈሩን የሚይዝላችሁ መሆኑን አትርሱ።

የልማት ሠራተኞችም፣ አንድ ገበሬ «ልንቀል» ብሎ ሲጠይቃችሁ ከመልሱ በፊት አብራችሁት ወደ ማሳው ግቡ። ያለፈው ክረምት ቡቃያ ወጥቷልን? ውሃ ይተኛበታልን? አበባ አለበትን? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አብዛኛው ማሳ ከመነቀል ይድናል። ለሙከራም ከማሳው አንዱን ጥግ በዚህ በጋ አድሱ፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት፤ በመጪው ክረምት የሁለቱን ቡቃያ ውፍረት አስተያዩ።