የማይነሣ ሞተር ብስክሌትና የባለሙያው ፍርድ



ከአየር ጤና እስከ ቤተል ባሉት የኮልፌ ቀራንዮ መንገዶች ዳር ወደሚገኝ ጋራዥ አሮጌ ሞተር ብስክሌት እየገፋ የሚመጣ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የዕለት ገቢው የተቋረጠበት ሰው ነው። ስለዚህም የሚጠየቀው ዋጋ ከግምት ሳይሆን ከምርመራ የመነጨ ሊሆን ይገባል።

የሚዘወተረው አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል ባትሪ ይለወጣል፤ ያ ካልበጀ ሞተሪኖው ይወርዳል፤ በመጨረሻም ቦቢና ይገዛል። ሦስት ዕቃ ተገዝቶ ብልሽቱ ባለበት ይቀራል። ምክንያቱም ዕድሜ በጠገበ ሞተር ብስክሌት ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዕቃዎቹን በሚያያይዙት መጋጠሚያዎች ዘንድ ነው። የክረምቱ ዝናብና ጭቃ የገመዱን ጫፍ ያዝገዋል፤ ንዝረትም ብሎኑን ያላላዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ማሳው፣ ይኸውም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሻንሲውና ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኘው ገመድ ነው።

ይህን ብልሽት መብራት አይገልጠውም። ዝገቱ የ0.05 ኦም ተቃውሞ ፈጠረ እንበል። ባለ 12 ቮልትና 5 ዋት አምፖል የሚስበው 0.4 አምፔር ያህል ስለሆነ፣ በመጋጠሚያው ላይ የሚባክነው 0.02 ቮልት ብቻ ነው፤ አምፖሉም ደምቆ ይበራል። በዚያው መጋጠሚያ 60 አምፔር ሲያልፍ ግን 3 ቮልት ይባክናል፤ ሞተሪኖውም ጉልበት ያጣል። እንግዲህ «መብራቱ ስለበራ ሽቦው ደኅና ነው» የሚለው ፍርድ ስሕተት ነው።

ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የባትሪው ቮልት ይለካል። ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 12 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ለወራት ያለ ሥራ የቆመ ባትሪ ግን ቢሞላም ኃይል ላይዝ ይችላል፤ የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተር ብስክሌቶች ከመንገድ ባገደ ጊዜ ለቆሙት ሁሉ ይህ አደጋ ነበረባቸው።

ቀጥሎ ማስነሻው ተጭኖ ሳለ ይለካል። የተሞላው ባትሪ ከ9.5 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ ይስባል። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሪኖው ከደከመ ግን ጥፋቱ በመካከል ባለው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ተደርጎ ማስነሻው ይጫናል። ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ የማሳው መጋጠሚያ ተፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረግና ይጥበቅ። በፖዘቲቩም በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ድረስ፣ ሪሌውን ጨምሮ፣ እንዲሁ ይደረግ።

ሞተሪኖው በሚገባ እያዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ወደ እሳቱ ይታለፋል። ካንዴላው ተፈትቶ፣ ከቤንዚን ርቆ፣ ብረቱ ከሞተሩ ጋር ተነካክቶ ብልጭታው ይታይ። ብልጭታው ከደከመና ሞተሩ ፑንቲና ያለው ከሆነ፣ ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይረጋገጥ። ብልጭታው ብርቱ ሆኖ ካንዴላው በጥቀርሻ ከጠቆረ ግን ምክንያቱ ከነዳጁ በኩል ይፈለግ፤ በአዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል።

ይህ ሁሉ ልኬት ረጅም ጊዜ አይፈጅም፤ የሚጠይቀውም አንድ ቴስተርና ትዕግሥት ነው። ባለንብረቱ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የተገኘው ቁጥር ይነገረው፤ የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያውቅ ዘንድ መብቱ ነውና። በአንድ ብሎን መጥበቅ የሚድነውን ሞተር ብስክሌት በአንድ ብሎን ዋጋ አድኖ የሚመልስ ባለሙያ፣ የዕለቱ ገቢ ቢያንስበትም የደንበኛውን እምነት ያተርፋል።