የሰው አደራ በእጃችሁ ነው



ወላጆች ሆይ፣ የዛሬው ደስታ በቅድሚያ የእናንተ ነው። የሰሊጥ ዋጋ ሲወድቅ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የጥይት ድምፅ ሲሰማ ልጅን ከትምህርት ገበታ አለማስቀረት ምን ያህል እንደሚከብድ በዚህ በመተማ ቆላ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ሁሉ አልፋችሁ ልጆቻችሁን ለቁም ነገር አብቅታችኋልና ምስጋና ይገባችኋል።

ተመራቂዎች፣ ለእናንተ ያመጣሁት አንድ ልመና ነው። ከነገ ጀምሮ አንዳችሁ በባንክ መስኮት፣ አንዳችሁ በጤና ጣቢያ፣ ሌላችሁ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም በስልክ ጥገና ሱቅ ትቀመጣላችሁ። ሥራችሁ ይለያያል፤ የሁላችሁም እጅ ግን የሌላ ሰው ስም፣ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ የገንዘብ ልክና የሕመም ታሪክ ይይዛል። ይህን እንደ አደራ ጠብቁ። በሌላ ቦታ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እንደ መተማ ባለ ጠረፍ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ቴክኖሎጂው ያመጣልንን በጎ ነገር በቅድሚያ ልናገር። የዚህ አገር ገበሬ ለረጅም ዘመን የሰሊጥን ዋጋ የሚሰማው ከደላላ አፍ ነበር። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግብይት ጀመረ፤ ኋላም ሰሊጥ ወደዚያ ገባ፣ መተማም መጋዘን ተከፈተ። የዕለቱ ዋጋም በአጭር መልእክትና በ934 የስልክ መስመር ለማንም የሚደርስ ሆነ። የገበያውን ዋጋ አውቆ ሚዛን ፊት የሚቆም ገበሬ ቀና ብሎ ይደራደራል።

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በስልክ ገንዘብ መላኪያው ቴሌብር ሲጀመር ደግሞ ለሳሉጉ፣ ለወቅት ሠራተኛው፣ በር ተከፈተለት። ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ወጣት የጉልበቱን ዋጋ በወገቡ ቋጥሮ አስጊ መንገድ ይጀምር ነበር። ዛሬ ኔትወርክ ካለ ለእናቱ ከዚሁ ይልክላታል። ይሁንና ማንበብ የማይችለው ሠራተኛ ስልኩንም የምስጢር ቁጥሩንም ለሚያነብ ሰው ያስረክባል። ነገ ያ የሚያነበው ሰው እናንተ ናችሁ። ቁጥሩን ራሱ እንዲነካ አስተምሩት፤ ሲነካም ፊታችሁን አዙሩ። ለዚህ አዋጅም መመሪያም መጠበቅ አያስፈልግም።

ወገኖቼ፣ መተማ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚወጡ ወጣቶች መተላለፊያም ናት። ዱሮ ደላላው በአካል ሰፈር ለሰፈር ይዞር ነበር። ዛሬ በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ከእያንዳንዱ ልጅ መኝታ ድረስ ይገባል። የደረሱትን ፎቶ ያሳያል፤ በበረሃና በባሕር የቀሩትን አያሳይም። ልጁ በአጋች እጅ ሲወድቅ ስልኩም አብሮ ይወድቃል። በዚያ ስልክ ውስጥ የእናት፣ የወንድም፣ ባሕር ማዶ ያለች የአክስት ቁጥር አለ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ሊቢያ ውስጥ ኩፍራ ላይ የታገተች ኢትዮጵያዊት ወጣት ታስራ የሚያሳይ ምስል ለቤተሰቧ ተልኮ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ዘመድን ከዘመድ ያቀራረበው መሣሪያ የዘመድን ፍቅር ማስከፈያ ሆነ።

እገታው ደግሞ ከድንበር ማዶ ብቻ አይደለም። በገዛ መንገዳችንም ማስለቀቂያ የሚጠየቀው በስልክ ነው። ማን ሰሊጥ ሸጠ? የማን ልጅ ውጭ አገር አለ? ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መኪና ይጓዛል? ለአጋች የዚህ ሁሉ መልስ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የአንድን ገበሬ ሒሳብ አይቶ ቡና ላይ የሚያወራ የባንክ ሠራተኛ ሳያውቀው የሰው ነፍስ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

የወሬን ኃይል ይህች ምድር ከማንም በፊት ታውቀዋለች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጦር እዚሁ መተማ ላይ ወደ ድል ተቃርቦ ሳለ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መቁሰል ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። ያ ወሬ እውነት ነበር፤ የተጓዘውም በሰው አፍ ነበር። ዛሬ ውሸት ከዚያ በሚልቅ ፍጥነት ይጓዛል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። የኩባንያው ተጠያቂነት በፍርድ ቤት ይታያል። ያንን ጽሑፍ እያነበበ ለሌላው ያስተላለፈው እጅ ግን የእኛው የወገኖቻቸው እጅ ነው። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

መድኃኒቱ ግን መስመሩን መቁረጥ ነው ብዬ አላምንም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለአንድ ዓመት ገደማ ሲቆይ ነጋዴው ገበያውን፣ ተማሪው መጽሐፉን፣ እናት የልጇን ድምፅ አጥታለች። ወሬው ግን አልቆመም፤ የሚያጣራው ጠፋ እንጂ። ዜጋ ተነጋግሮና አጣርቶ ሐሳቡን ካልገለጸ ስለ አገሩ ሊመክር አይችልም።

የሰው መረጃ አደራ እንግዶቻችንንም ይጨምራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ፤ ብዙዎችም በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ። ስደተኛ ሲመዘገብ ስሙን፣ ፎቶውንና አሻራውን ይሰጣል፤ ምግቡም ደኅንነቱም በዚያ መዝገብ ላይ ይንጠለጠላል። መዝገቡ በማይገባ እጅ ቢወድቅስ? ባንግላዴሽ ውስጥ የተመዘገቡ የሮሂንጊያ ስደተኞች መረጃ በበቂ ሁኔታ ሳይስማሙ፣ ሸሽተውት ለመጡት ለምያንማር መንግሥት እንደተላለፈ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2013 ዓ.ም. ገልጿል። ከእናንተ መካከል በስደተኞች ምዝገባ የምትሠሩ ስለምትኖሩ ይህን አስቡ። እንግዳን ያስጠጋ ሕዝብ የእንግዳውን ምስጢርም ይጠብቃል።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፣ ደብዳቤውንና የስልክ ግንኙነቱን ሳይቀር ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ነገር ግን አዋጅ አዲስ አበባ ላይ ቢወጣ ገንዳ ውኃ፣ ቋራና መተማ ላይ የሚፈጸመው በእናንተ ጣት ነው። አለቃችሁ የማይገባ መረጃ ቢጠይቃችሁ «በየትኛው ሕግ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ጓደኛ ቢለምናችሁ እምቢ በሉ። ገንዘብ ቢያሳዩአችሁ የእናታችሁን ፊት አስቡ።

እንግዲህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ያላጣራችሁትን አታስተላልፉ። የማያነበውን ሰው አስተምሩ እንጂ አትጠቀሙበት። በእጃችሁ የገባውን የሰው ምስጢር ለዘመድም፣ ለባለሥልጣንም፣ ለገንዘብም ብላችሁ አሳልፋችሁ አትስጡ። በዚህ ከጸናችሁ ዲፕሎማችሁ ለዚህ ጠረፍ ሕዝብ መጠለያ ይሆናል።