የጆሮ ነጥብ ሕክምናና የመዋጥ ችግር



ጆሮውን በክብሪት እንጨት ወይም በዶሮ ላባ ሲኮረኩር ድንገት ሳል የሚይዘው ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ነገሩ ለጨዋታ የሚነገር ቢመስልም በቂ ምክንያት አለው። ቬገስ የሚባለው ነርቭ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ ልብና ወደ ጨጓራ ሲወርድ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ወደ ጆሮ ቆዳ ይልካል። መዋጥን ከሚመሩት ነርቮችም አንዱ ይኸው ቬገስ ነው።

አየርና ምግብ እስከ ጉሮሮ ድረስ በአንድ መተላለፊያ ይመጣሉ። ምግቡ በሚያልፍባት አንድ ሰከንድ ገደማ የአየሩ ቧንቧ መዘጋት አለበት። ስትሮክ ወይም ፓርኪንሰን ይህን ቅንብር ሲያዛባው ክዳኑ ይዘገያል፤ ውኃው ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ የሳንባ ምችም ይከተላል።

በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ሐኪም የነበረው ፖል ኖዢዬ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጆሮን እንደ ተዘቀዘቀ ፅንስ በመመልከት ለየአካሉ ክፍል በጆሮ ላይ ነጥብ ሰጠ። የቻይና ሐኪሞችም ካርታውን አስፋፉት። በነጥቦቹ ላይ መርፌ ይወጋል፤ ወይም የጎመን ዘር የምታህል ፍሬ በፕላስተር ተለጥፋ በጣት ትጫናለች። ይሁን እንጂ የነርቩ ቅርንጫፍ በቢላዋ ተከፍቶ የታየ ሲሆን፣ የነጥቦቹ ካርታ ግን እንደዚያ አልተረጋገጠም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተፈቀደው የቬገስ ማነቃቂያ መሣሪያም በደረት ቆዳ ሥር የሚቀበርና በአንገት ላይ ካለው ነርቭ ጋር የሚያያዝ ነው፤ የተፈቀደውም ለእጅ እንቅስቃሴ እንጂ ለመዋጥ አይደለም።

ነገሩ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ጮቄ ግርጌ መንደሮች ሲመጣ ጭንቀቱ ሌላ ነው። ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው አዛውንት መደብ ላይ እንደ ተንጋለሉ ውኃ በጣሳ ይቀርብላቸዋል፤ ትን ሲላቸው «ያወራርድላቸው» ተብሎ ሌላ ይጨመራል። የሚያጠጣው ሰው በፍቅር ነው፤ ጥፋቱም እዚያው ላይ ነው። እንጥል ወርዷል ብሎ የሚያስቆርጥ ቢገኝ ደግሞ ቁስል ይጨመራል እንጂ ነርቩ አይጠገንም።

ፈሳሽ በቀጠነ መጠን ይፈጥናል፤ የዘገየውን ክዳን ይቀድመዋል። ወፈር ያለ አጥሚት ግን ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ለብዙዎቹ ጊዜ ይሰጣል። ምን ያህል መወፈር እንዳለበትና ጭራሹን በአፍ መስጠት ይገባ እንደ ሆነ የሚወስነው ግን መርማሪው ሐኪም ነው። አለማሳልም ደኅንነት አይደለም፤ ጉሮሮው የደነዘዘ በሽተኛ ሳይስል ውኃው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከጠጣ በኋላ ድምፁ እንደ ረጠበ ሆኖ ቢሻክር እርሱ ራሱ ምልክት ነው።

ስለዚህ የጆሮ ነጥብ ባለሙያ በአካባቢው ቢገኝ እንኳ፣ በሽተኛው አስቀድሞ በሆስፒታል ይመርመር፤ በአፉ እንዲወስድ ከተፈቀደለትም ቀጥ ብሎ ተደግፎ በትንሽ ማንኪያ፣ አንዱን ውጦ ሳይጨርስ ሌላው ሳይጨመርለት ይመገብ። ዘሩን በጆሮው ላይ መለጠፍ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።