የጥጥ ስውር ጠላት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዛሬው በዓል ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ በዓይን የማይታይ አንድ ትል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በትከሻችን ላይ ያለውን ጋቢና ኩታ የሚነካ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡን እንለምናለን።

የደብረ ኤልያስ ደጋ ለጥጥ ብርድ ነው። እናቶቻችን የሚፈትሉት ጥጥ የቆላ ልጅ ነው። በአገራችን ጥጥ ከሚመረትባቸው ቦታዎች ዋናዎቹ የአዋሽ ሸለቆ፥ መተማና ሑመራ ናቸው። በተንዳሆ ትልቁ የጥጥ እርሻ የተጀመረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ነው። በመካከለኛው አዋሽ የሚገኘው የወረር ምርምር ማእከልም ስለ ጥጥ ያጠናል።

ጥጥ ብዙ ጠላት አለው። ጓይ ትል ፍሬውን ሲበላ ገበሬው በዓይኑ ያየዋል። ኔማቶድ የተባለው ግን የሚሠራው ከመሬት በታች ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ክር መሰል» ማለት ነው።

ከነዚህ ትሎች ለጥጥ ክፉ የሆነው ሥር የሚያሳብጠው ነው። ከእንቁላሉ ሲወጣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። በሥሩ ጫፍ በኩል ገብቶ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ በአጠገቡ ያሉትም የሥሩ ሕዋሳት ከመጠን በላይ አድገው ለእርሱ መጋቢ ይሆናሉ። ሴቲቱ እንደ ትንሽ ቅል አብጣ፥ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። መሬቱ ሞቃት ከሆነ ይህ ሁሉ በአንድ ወር ገደማ ይፈጸማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው፥ አንዱ ትል ምንም ባይሆን ብዛታቸው ተክሉን ያስረዋል።

ጉዳቱም በዚህ አይቆምም። በ1892 እ.ኤ.አ. ጆርጅ አትኪንሰን የተባለ የአሜሪካ ሊቅ፥ በአላባማ ይህ ትል ባለበት እርሻ ጥጥን የሚያጠወልገው የሻጋታ በሽታ እንደሚበረታ አስተዋለ።

ገበሬው ግን ተክሉ ሲቀጭጭ፥ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፥ መሬቱ እርጥብ ሳለ ቀትር ላይ ሲጠወልግ አይቶ ዝናቡን ወይም አፈሩን ያማል። የቅኔ አገር ለሆነችው ለደብረ ኤልያስ ልጆች ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ቅጠሉ ሰም ነው፥ ወርቁ ያለው ከሥሩ ነው። ስለዚህ ተክሉን በኀይል ሳይነቅሉ፥ ዙሪያውን በዶማ ቆፍሮ ሥሩን በውሃ አጥቦ ማየት ይገባል። በባቄላ ሥር ላይ የሚታየው ዕባጭ ጠቃሚ ነው፤ በጣት ሲነካ ይረግፋል። የትሉ ዕባጭ ግን ሥሩ ራሱ ያበጠ ስለ ሆነ አይረግፍም።

መድኀኒቱስ ምንድን ነው? ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዲ.ቢ.ሲ.ፒ. የተባለ መርዝ በብዙ አገር በአፈር ውስጥ ይጨመር ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ግን በካሊፎርኒያ በፋብሪካ ይሠሩት ከነበሩት ወንዶች ብዙዎቹ ልጅ መውለድ እንደ ተሳናቸው ታወቀ፤ ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ተከለከለ። ትሉን ለመግደል ሰውን መጕዳት ጥበብ አይደለም።

ደኀናው መንገድ አባቶቻችን የሚያውቁት አዝመራን ማፈራረቅ ነው፤ ነገር ግን ተተኪውን መምረጥ ያሻል። በርበሬ፥ ቲማቲምና ባሚያ ይህንኑ ትል ስለሚቀልቡ ጥጥን ሊተኩ አይገባም። ለውዝ ግን አይመቸውም። መከሩ ሲያልቅም ሥሩን ነቅሎ ለፀሐይ ማስጣት፥ የተበከለ አፈር የያዘውን ማረሻ አጥቦ ወደ ሌላ ማሳ መግባት፥ ትሉን የሚቋቋም ዘር ከተገኘ እርሱን መዝራት ይጠቅማል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ከእኛ መካከል ነገ ወደ ቆላ ወርዶ የሚያርስ፥ ወይም የእርሻ ትምህርት ተምሮ ገበሬን የሚያማክር አይጠፋም። ያ ሰው ስለ ሰማዩ ከመናገሩ በፊት ዶማ ይዞ ሥሩን ይመልከት። አንድ ገበሬ የዓመት ድካሙ በከንቱ እንዳይቀር ይህ ትንሽ እውቀት ሊያድነው ይችላል።