ነጭ ሽንኩርት በሞቃት አካባቢ፤ ዘሩ ብርድ ሳያይ መሬት አይግባ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የማዳበሪያ ስርጭትና የትርፍ ክፍፍል ሪፖርት ነው። እሱ በሌሎች ተናጋሪዎች ስለሚቀርብ ይህ ንግግር በአንድ ሰብል ላይ ብቻ ያተኩራል፤ በነጭ ሽንኩርት ላይ። በቆላውና በዝቅተኛው ወይና ደጋ የመስኖ መሬት ያላቸው አባላት ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ገበያው እየዋዠቀ ስላስቸገራቸው፣ የነጭ ሽንኩርት ዘር በብድር እንዲቀርብላቸው በተደጋጋሚ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውሃ አለ፣ መሬት አለ፣ ጉልበት አለ። ነጭ ሽንኩርት የማይገባበት ወጥም የለም። ነገር ግን ብድሩ ከመፈቀዱ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። ይህ ሰብል በሞቃት ቦታ በአብዛኛው የሚከሽፈው ውሃ ወይም ማዳበሪያ አንሶት ሳይሆን ብርድ አንሶት ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንመልከት። በዚህ ንግግር «ራስ» ሲባል ሙሉው ነጭ ሽንኩርት፣ «ፍሬ» ሲባል ደግሞ ከራሱ ተፈልፍሎ የሚወጣው እያንዳንዱ ክፋይ ነው። በመስመሮች መካከል 30፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ሲተከል በሩብ ሄክታር ላይ ከ83,000 በላይ ፍሬ ይገባል። አንዱ ፍሬ 2 ግራም ቢመዝን 1 ኩንታል ከ67 ኪሎ ያህል ዘር ማለት ነው። ትንንሹና የቆሰለው ተለቅሞ ሲወጣ የሚገዛው ከዚያም ይበልጣል። የቲማቲም ዘር በመሐረብ ተቋጥሮ ይመጣል፤ የነጭ ሽንኩርት ዘር ግን በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ዋጋውም የሚበላው ነጭ ሽንኩርት ዋጋ ነው። በከሸፈ ጊዜ ገበሬው ምርቱን ብቻ ሳይሆን በብድር የወሰደውን ዘር ጭምር ያጣል፤ ለብድሩ ዋስ የሆነው ማኅበርም አብሮ ይጎዳል።

ክሽፈቱ ደግሞ ቶሎ አይታይም። ቡቃያው ይወጣል፣ ቅጠሉ ይለመልማል፣ መንገደኛ ቆሞ ያደንቀዋል። መጋቢት ላይ ሲነቀል ግን አንገቱ እንደ ባሮ ሽንኩርት ወፍሮ ሥሩ ላይ ምንም ያልቋጠረ ይሆናል፤ ወይም ፍሬ ያልተከፋፈለበት፣ እንደ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት የተድቦለቦለ አንድ ነገር ይወጣል። ብዙ ገበሬ ይህን ሲጠራጠር ዩሪያ ይጨምራል። ዩሪያው ቅጠሉን ያበዛዋል እንጂ ራስ አያስቋጥረውም፤ እንዲያውም ዘግይቶ የተጨመረ ዩሪያ መቋጠሩን ያጓትተዋል።

ምክንያቱ በተክሉ ተፈጥሮ ውስጥ ነው። ነጭ ሽንኩርት ራስ ለመቋጠር ሁለት ምልክት ይጠብቃል። አንደኛው ብርድ ነው። ፍሬው በማከማቻ ውስጥም ሆነ በመሬት ውስጥ ሆኖ ለተከታታይ ሳምንታት ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ማየት ይፈልጋል። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሙቀትና የቀኑ መርዘም ነው። በሁለተኛው በኩል ኢትዮጵያ ከሰሜኑ አገሮች ትለያለች። በካይሮ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል 4 ሰዓት ያህል ልዩነት ሲኖር፣ በአዲስ አበባ ልዩነቱ 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ተክሉ ከቀኑ ርዝመት የሚያገኘው እርዳታ ትንሽ ነው፤ ሸክሙ ሁሉ በብርዱ ላይ ይወድቃል። ደጋው ይህን ብርድ በየሌሊቱ በነፃ ያድላል። ቆላው አያድልም።

ይህ ሲባል ሞቃት አገር ነጭ ሽንኩርት አያበቅልም ማለት አይደለም። ግብፅ በረሃ የከበባት አገር ሆና ሳለች ከዓለም ዋና ዋና አምራቾች ተርታ ትቆጠራለች። የቤኒ ሱዌፍና የሚንያ ገበሬዎች በመስከረምና በጥቅምት ተክለው የክረምታቸውን ብርድ ለተክሉ ያሳዩታል፤ ሙቀቱ ሲመለስ በመጋቢትና በሚያዝያ ይነቅላሉ። ዘዴያቸው ወቅትን ማወቅ ነው። በብራዚል ጎያስና ሚናስ ጄራይስ በተባሉት ክፍላተ ሀገር ደግሞ ክረምቱ ራሱ ለምርጥ ዝርያዎች በቂ ብርድ ስለማይሰጥ፣ ዘሩን ከመትከላቸው በፊት ለአንድ ወር ተኩል፣ ለሁለት ወር ያህል በማቀዝቀዣ ክፍል ያቆዩታል። ብርዱ ወደ ዘሩ ካልመጣ ዘሩ ወደ ብርዱ ይሄዳል ማለት ነው። ለዚህ ዩኒየን አባላት ከሁለቱም የሚወሰድ ትምህርት አለ።

በኢትዮጵያ ነጭ ሽንኩርት በአብዛኛው የሚለማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,800 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በግምት በ0.6 ዲግሪ ይጨምራል። ከ2,000 ሜትር ወደ 1,400 ሜትር የወረደ ዘር እንግዲህ ከ3 ዲግሪ ተኩል በላይ የሞቀ አየር ይጠብቀዋል። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት «ቢሾፍቱ ነጭ» እና «ጸደይ» የተባሉት ዝርያዎች ጥሩ ናቸው፤ ማዕከሉ ያለው ግን በ1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ እዚያ የተመሰገነ ዝርያ ቆላ ሲወርድም ያንኑ ያደርጋል ብሎ መበደር ላም አለኝ በሰማይ ነው። ፍርዱ ይህ ነው፤ ከ1,500 ሜትር በታች ባለ መሬት ላይ ነጭ ሽንኩርት ለገበያ በብድር አይተከል። ለዚያ መሬት እንደ «አዳማ ቀይ» እና «ቦምቤ ቀይ» ያሉት የቀይ ሽንኩርት ዝርያዎች ይሻሉታል። ከ1,500 እስከ 1,800 ሜትር ያለው መሬት ግን ተስፋ አለው፤ ከዚህ በታች የሚባለውም በዋናነት እሱን ይመለከታል።

የመትከያው ወቅት ጥቅምት አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ የተተከለ ተክል ገና ለጋ ሳለ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥርን ሌሊት ያገኛል፤ የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ራሱን ይሞላል። ጥር ላይ ቀይ ሽንኩርቱ ከተነሳ በኋላ ይደርሳል ተብሎ የሚተከለው ግን ብርዱ ካለፈ በኋላ የሚገባ ነው። የዘሩም ዕድሜ ይታሰብበት። በዝናብ ለምቶ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከደጋ የሚወርደው አዲስ ምርት ገና እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ወጥ ሆኖ አይበቅልም። ለጥቅምት የሚሆነው በመስኖ ለምቶ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ የተነቀለውና በጥላ ሥር ነፋስ እየነካው የከረመው ነው።

ዘሩን ማቀዝቀዝ በተመለከተ የሚያስፈልገው ከ4 እስከ 8 ዲግሪ የሆነ ቅዝቃዜ ለ4፣ ቢበዛ ለ8 ሳምንት ነው። ለሙከራ ያህል የቤት ፍሪጅ የታችኛው መደርደሪያ ይበቃል። በረዶ የሚሠራው ክፍል ውስጥ ከገባ ግን ዘሩ ይሞታል። ራሱ ሳይፈለፈል፣ አየር በሚያስገባ መረብ ከረጢት ይቀመጥ፤ በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል። የሚፈለፈለው በተከላው ዋዜማ ነው። አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ። ብርድ ያየ ዘር ከወጣ በኋላ ለቀናት በቆርቆሮ መጋዘን ቢቀመጥ ሙቀቱ የብርዱን ሥራ መልሶ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ከማቀዝቀዣ በወጣ በማግስቱ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ አስቀድሞ ውሃ በጠጣ መደብ ላይ ይተከል። መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በሙዝ ቅጠል መሸፈን አፈሩን ያቀዘቅዛል። የጤፍ ጭድም ይሆናል፤ ነገር ግን ለከብት የሚበቃ ጭድ በሌለበት ቀበሌ ይህን መምከር ዋጋ የለውም። ምስጥ ባለበትም ሽፋኑ ራሱ ጠንቅ ይሆናል።

ለሩብ ሄክታር የሚሆን ዘር በቤት ፍሪጅ እንደማይያዝ ግልጽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት የሙከራ ዓመት ይሁን። እያንዳንዱ ፈቃደኛ ማኅበር 10 ካሬ ሜትር የሆኑ ሦስት መደቦች ያዘጋጅ። አንዱ ላይ ያልቀዘቀዘ፣ ሁለተኛው ላይ 4 ሳምንት፣ ሦስተኛው ላይ 8 ሳምንት የቀዘቀዘ ዘር በአንድ ቀን ይተከል። ለሦስቱም የሚያስፈልገው 1,000 ያህል ፍሬ፣ ማለትም 2 ኪሎ ግድም ነው። ሲነቀል ምርቱ በየመደቡ ይመዘን፤ ፍሬ የከፈለውና ያልከፈለውም ይቆጠር። ዩኒየኑ የማቀዝቀዣ ክፍል ልከራይ ወይስ ልሥራ ብሎ መወሰን ያለበት ይህ ቁጥር በእጁ ከገባ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቁጥሩ ሳይታይ የሚገዛ ማሽን ለኦዲተር ጥያቄ ብቻ ይተርፋል።

ከብርዱ ቀጥሎ የሚያሰጋው በሽታ ነው። ከገበያ ለወጥ የተገዛ ነጭ ሽንኩርት ዘር ሆኖ ሲተከል ነጭ አበስብስ የተባለውን በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። ምልክቱ ከሥሩ ዙሪያ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ፣ በላዩም ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ቅንጣቶች ናቸው። እነዚህ ቅንጣቶች በአፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ፤ በመስኖ ውሃ፣ በማረሻና በጫማ ከማሳ ማሳ ይዛመታሉ። በሽታው ቀዝቀዝ ያለ አፈር ስለሚወድ በጠራራው ቆላ ይዳከማል፤ በመካከለኛው ከፍታ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ አፈር ይስማማዋል። ከሁሉ የከፋው ቀይ ሽንኩርትንም ማጥቃቱ ነው። በርካሽ ዘር ምክንያት አንድ ቦይ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ሁሉ ዛሬ የሚኖሩበትን ቀይ ሽንኩርት ሊያጡ ይችላሉ።

እዚህ ላይ የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች ድርሻ አለ። በሽታው በጆንያ ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው ሰብሉ ቆሞ ሳለ ነው። ዘር የሚገዛበት የደጋ ማሳ ከመነቀሉ በፊት፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ በባለሙያ ይታይ። ግዢውም ከታየው ማሳ ብቻ ይፈጸም። ነጭ ሽንኩርት የነበረበት መሬት ቢያንስ ለሦስት ዓመት በበቆሎ፣ በቦሎቄና በመሳሰሉት ይቀያየር፤ ቀይ ሽንኩርት ዘመዱ ስለሆነ እንደ ቅያሬ አይቆጠርም። በሙቀትና በድርቅ ጊዜ ትሪፕስ ቅጠሉን ያነጣዋል፤ በመካከለኛው ቅጠል ብብት ውስጥ በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል።

ሲደርስ ውሃው ከ2 እስከ 3 ሳምንት አስቀድሞ ይቋረጥ። የታችኞቹ ቅጠሎች ግማሽ ያህሉ ሲደርቁ ይነቀልና በጥላ ሥር ይድረቅ፤ በቆላ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነጭ ሽንኩርት ይቀቀላል። ፍሬ ሳይከፍል የተድቦለቦለውም አይጣል። ለወጥ ጣዕሙ ያው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ብርድ አይቶ ቢተከልም ሙሉ ራስ ሊሰጥ ይችላል።

የቀረው የቀን ቆጠራ ነው። ተከላው ጥቅምት 15 ከሆነ የ8 ሳምንቱ ዘር ነሐሴ 24፣ የ4 ሳምንቱ ደግሞ መስከረም 17 ማቀዝቀዣ ይገባል። ዘሩ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በእጅ መኖር አለበት፤ ለዚያም ማሳው በየካቲትና በመጋቢት መታየት አለበት። በመሆኑም በሙከራው የሚሳተፍ መሠረታዊ ማኅበር የመሬቱን ከፍታና የሚመድበውን ገበሬ ስም ጽፎ እስከ ጥር 30 ለዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ያስገባ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዛል።